የሻሚሰን ክር ዝዝ ሲል፦ የትኛው ይጠገን፣ የትኛው ይተው?

ከዮትሱጊ፦

ጤና ይስጥልኝ። እህታችሁ ነኝ፤ የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ውስጥ፣ ዮትሱጊ ነው። እዚህ ሰፈር የእኛ ሰው ስለሚበዛ ክራር የሚጫወት ወይም በገና የሚደረድር ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። ሻሚሰን የያዘ ሐበሻ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ለዚህ ነው እናንተን የማስቸግረው።

ያገለገለ ሻሚሰን ገዝቼ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ለማታውቁት፣ ሦስት ክርና ረጅም አንገት ያለው፣ አራት ማዕዘን ሳጥኑ በቆዳ የተለበጠ የጃፓን መሣሪያ ነው። የሚመታው ባቺ በሚባል ጫፉ ሰፊ መምቻ ነው። የእኔ አንገቱ ቀጭን የሆነው፣ ሆሶዛኦ የሚሉት ዓይነት ነው። ቆዳው እውነተኛ ቆዳ ነው። ክሮቹ ሐር ናቸው፤ ሦስቱንም በቅርቡ በአዲስ ቀይሬያለሁ።

ችግሩ ድምፁ ነው። ወፍራሙን ክር በጣቴ ሳልጫነው በባዶው ስመታው ዝዝዝ ይላል፣ ቶሎም አይጠፋም። ቀጭኑ ክር በባዶው ጥርት ያለ ነው፤ አንገቱ መሃል አካባቢ አንድ ቦታ ላይ ስጫነው ግን ደረቅ ድምፅ ያወጣና ወዲያው ይሞታል። ሌላው ደግሞ ከዝናብ ጋር የሚመጣ ነው። እርጥበት በበዛበት ቀን ሳጥኑ አካባቢ የሆነ ነገር ይንቀጫቀጫል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል።

አስተማሪዬ የወፍራሙን ክር ድምፅ ሰምተው «ይሄ ጥሩ ነው» አሉኝ። ለምን ብዬ እንዳልጠይቅ ጃፓንኛዬ ገና ነው። አንድ ሱቅ ደውዬ ስጠይቅ ደግሞ መሣሪያውን ሳያዩት ቆዳው በሙሉ ይቀየር አሉኝ። ጊታር የሚጫወት ጓደኛዬ «ከወፍራሙ ክር ሥር ወረቀት አጥፈሽ ክተቺ» ይላል። እስካሁን ምንም አልነካሁም። የቱን ልስማ?


ጊታር ጠጋኝ፦

ሰላም እህቴ። እኔ አዲስ አበባ ጊታርና ክራር ነው የምጠግነው፤ ሻሚሰን እጄ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ለማንኛውም ባለክር መሣሪያ የሚሆነውን ልንገርሽ።

ክር ዝዝ የሚለው ሲርገበገብ የሆነ ነገር ስለሚነካ ነው። ወይ ክሩ ዝቅ ብሏል፣ ወይ ከሥሩ ያለው ነገር ከፍ ብሏል። አለበለዚያ ሌላ የላላ ዕቃ አብሮት እየተንቀጠቀጠ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከመጨረሻው ነው። ክሩን ትቼ መቃኛውን፣ ቀለበቱን፣ የክሩን ትርፍ ጫፍ አንድ በአንድ በጣቴ መታ መታ አድርጌ አዳምጣለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ይገኛል።

ወረቀቱ ጊታር ላይ ለጊዜው ያገለግላል፣ ጓደኛሽም ከዚያ ተነስቶ ነው። ግን ሻሚሰን እንደ ጊታር አንገቱን የሚያቋርጥ መከፋፈያ፣ ፍሬት፣ አለው እንዴ? ከሌለው ነገሩ ይለያል። ባለእንዚራ ጃፓን ኖረው ነው የመጡት። እሳቸው ቢያዩት ይሻላል።


ባለእንዚራ፦

ልጄ፣ ወረቀቱን እባክሽ አታስገቢ። አስተማሪሽ ትክክል ናቸው። ፍሬት የለውም፤ አንገቱ ልሙጥ እንጨት ነው፣ ጣት እንጨቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከየት ተነስቼ እንደምናገር እንድታውቂ ያህል፣ እኔ በገና እሠራለሁ። ቶኪዮ በተማርኩበት ዘመን አንድ ሻሚሰን ሠሪ ዘንድ እየሄድኩ ሥራቸውን አይ ነበር፤ እያደር ክር መቀየርና ማጽዳት ይሰጡኝ ጀመር። ወደዚያ ቤት የሳበኝ ይሄው አንቺን ያስጨነቀሽ ድምፅ ነው።

የአንገቱን ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ በታች ያለውን ቦታ በደንብ እዪው። ትንሽ የብረት መደገፊያ አለች፣ ካሚጎማ ትባላለች። ወፍራሙ አንደኛ፣ ቀጭኑ ሦስተኛ ተብሎ ይቆጠራል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክር እሷ ላይ ያርፋሉ። ወፍራሙ ክር ግን እሷ ላይ አይወጣም፤ በቀጥታ ወደ እንጨቱ ነው የሚወርደው። እዚያ እንጨቱ ላይ በስሱ የተጎደጎደ ቦታና ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ አለ። ሠሪዎቹ ሸለቆና ተራራ ይሏቸዋል። ክሩ ሲርገበገብ ያቺን ተራራ ዳሰስ እያደረገ ነው። ዝዝታው ከዚያ ይመጣል፣ ስሙም ሳዋሪ ነው። አልቆ ወይም ተበላሽቶ የመጣ አይደለም፤ ሠሪው ተጠንቅቆ የቀረጸው ነው።

በገና ለሰማ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። በአውታሩና አውታሮቹን በሚሸከመው ድልድይ፣ በበርኩማው፣ መሃል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ የምትሠራው ሥራ ይሄንኑ ነው። ወዲህ ወዲያ እያንሸራተትን ድምፁ የሚከፈትበትን ቦታ እንፈልጋለን። እንዚራዋን ብታወጪያት የበገናው ድምፅ አጭርና ደረቅ ይሆናል። የአለሙ አጋን በገና አንድ ጊዜ የሰማ ያንን ረጅም ድምፅ አይረሳውም። ክሩ አንድ ነገር እየነካካ ሲርገበገብ ከዋናው ድምፅ በላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ይነቃሉ። ድምፁ የሚረዝመውና የሚሞላው ለዚህ ነው።

የመሣሪያው ታሪክም ይሄን ያሳያል። ሻሚሰን ዘሩ የቻይናው ሳንሺየን ነው። በሪዩኩዩ፣ ማለትም በዛሬዋ ኦኪናዋ በኩል አልፎ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኦሳካ አጠገብ ወደምትገኘው የሳካይ ወደብ ገባ። የኦኪናዋው ሳንሺን ዛሬም ሳዋሪ የለውም። ሳካይ ላይ መሣሪያውን የተቀበሉት ቢዋ የሚባል ባለክር መሣሪያ የሚጫወቱ ዓይነ ስውር ሙዚቀኞች እንደሆኑ ይነገራል። ቢዋ ደግሞ የሚታወቀው በዚሁ ዝዝታ ነው። እነሱ በእጃቸው ያለውን አዲስ መሣሪያ ለጆሯቸው እንዲስማማ አደረጉት። እንግዲህ ያንን ድምፅ በወረቀት ማፈን ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

አሁን ሳዋሪሽ ደህና መሆኑን እንዲህ ፈትሺ። ሆንቾሺ በሚባለው የሻሚሰን ቅኝት ሦስተኛው ክር ከአንደኛው አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። በደንብ ቃኝተሽ ሦስተኛውን ብቻ በባዶው ምቺና ወዲያው በጣትሽ አስቁሚው። ያልነካሽው ወፍራሙ ክር ሲያጉረመርም ከሰማሽ ቅኝትሽም ሳዋሪሽም ጥሩ ነው። ጸጥ ካለ መጀመሪያ ቅኝቱን አስተካክይ። ብዙ ተጫዋቾች ቅኝታቸውን የሚያረጋግጡት በዚህ መልስ ነው።

ሌላም ምልክት አለው። ሳዋሪ የሚሰማው ወፍራሙ ክር በባዶው ሲመታ ነው። ስትጫኚው ጣትሽ ክሩን ከዚያች ተራራ ይለየዋል፤ ድምፁ መጥራት አለበት። ተጭነሽውም ዝዝ ካለ ያ ሳዋሪ አይደለም። ደግሞም ጥሩ ሳዋሪ ከድምፁ ጋር እኩል እየሳሳ ነው የሚጠፋው። ቸክ ብሎ የሚቀር ከሆነ ክሩ ተራራውን ከልክ በላይ እየተጫነው ነው።

አንዳንዱ ሻሚሰን ከአንገቱ ጫፍ ጀርባ ትንሽ ብሎን አለው፣ አዙማዛዋሪ ይባላል። ብሎኗን ስታዞሪ ከፊት ያለችው ቁራጭ ወደ ክሩ ትጠጋለች ወይም ትርቃለች። ካለሽ ክሩን እየመታሽ በጥቂት በጥቂቱ አዙሪ። ከሌለሽና ተራራዋ ተበልታ ከሆነ ለሠሪ የሚሰጥ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኪው። ትንሽ ካለፈ መመለሻ የለውም።

ወደ ቀጭኑ ክር ልምጣ። ይሄኛው እውነተኛ ጉዳት ይመስለኛል። ሻሚሰን ላይ ጣት ሁልጊዜ የሚያርፍባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ደግሞም ክሩ የሚጫነው በጥፍሩ ጠርዝ ጭምር ነው። በዓመታት ውስጥ እነዚያ ቦታዎች እየተበሉ ትንሽ ቦይ ይሠራሉ። ካንቤሪ ይሉታል። ክሩ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ከፊቱ ያለው እንጨት ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል፣ ክሩም እሱን እየመታ ይታፈናል። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ብዙ ተጫውቶበታል ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ክሮቹን አላልተሽ ወደ ጎን አድርጊና ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አንገቱ ላይ በቁመቱ አጋድሚ። በብርሃን ፊት ያዢው። ከማስመሪያው ሥር ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ካለ እሱ ነው። ያ ቦታ ከሚያስቸግርሽ ቦታ ጋር ይገጥማል ወይ? ሌላው መንገድ ከቦታው ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጫን ነው። ድምፁ ከጠራ ጥርጣሬው አበቃ።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው አያየውም። የሻሚሰን አንገት ብዙውን ጊዜ ለሦስት ተነቅሎ የሚገጣጠም ነው። መጋጠሚያው ጥቂት እንኳ ካልገባ ደረጃ ይሠራል። ጥፍርሽን በመጋጠሚያው ላይ አሳልፊ። ከነካሽ ንቀዪው፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ቀጥ አድርገሽ መልሺው። ዘይት አትቀቢ።

ለጊዜው የሚረዳሽ ኮማውን፣ ሳጥኑ ላይ ክሮቹን የሚሸከመውን ድልድይ፣ በትንሹ ከፍ ባለ መቀየር ነው። ቁመቱ በቡ ይለካል፤ 1 ቡ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቡ ለ10 ሲከፈል 1 ሪን ይሆናል። የ1 ወይም የ2 ሪን ልዩነት ለጆሮ ይበቃል። ከዚያ በላይ ብትወጪ ክሩ ለጣት ይከብዳል፣ ድምፁም ሲጫኑት ይሾላል።

የዝናቡ ድምፅ ደግሞ ወደ ቆዳው ይጠቁማል። ሆኖም ቆዳው ይቀየር ከማለት በፊት መንካት ያስፈልጋል። ቆዳው ከሳጥኑ እንጨት ጋር የሚጣበቀው ከሩዝ ዱቄት በሚሠራ ሙጫ ነው። እርጥበት ይፈታዋል። ክሮቹን በእጅሽ አፍነሽ የቆዳውን ዳር በጣትሽ ጫፍ ዙሪያውን ቀስ ብለሽ መታ መታ አድርጊ። አንድ ጥግ ላይ ድምፁ ከተለወጠ ተነቅሏል። ጊዜ ሳትሰጪ ሠሪ ዘንድ ውሰጂው፤ ጥጉ ሲነሳ ቆዳው ከዚያ ተነስቶ ይቀደዳል። ሱፐር ግሉ የሚባል ነገር ግን አጠገቡ እንዳይደርስ። ሠሪው ነገ ቆዳውን ሲያነሳ እንጨቱን ይዞ ይወጣል።


ኦሳካ ያለሁ፦

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል፣ ከራሴ ትንሽ ልጨምር። እኔ የምጫወተው ትሱጋሩ ነው፣ የሰሜኑን፣ የአኦሞሪን። አንገቱ ወፍራም፣ ኮማው ከቀርከሃ የተሠራና ዝቅ ያለ፣ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የአንቺ ግን ለናጋውታ፣ ለካቡኪ ቲያትር ዜማ፣ ስለሆነ ከዚያ ከፍ ያለ ነው የሚፈልገው፤ ስትገዢ ለየትኛው ሻሚሰን እንደሆነ ተናገሪ። ሱቅ ውስጥ ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

ተጫውተሽ ስትጨርሺ ኮማውን ከቆዳው ላይ ታወጪያለሽ ወይ? አውጪ። ቆዳው እንዳይጎብጥ ነው። ስትመልሺው ደግሞ ቀጥ ብሎ መቆሙንና እግሩ ሙሉ በሙሉ ቆዳው ላይ ማረፉን እዪ። ያጋደለ ኮማ ራሱ ይንቀጫቀጫል። ከታች ክሮቹ የሚታሰሩበትን ነኦ የሚሉትን የክር ጉንጉንም እዪ። ክር ስትቀይሪ የቀረው ትርፍ ጫፍ ቆዳውን ከነካ ዝዝ ይላል፣ እኔ በግሌ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት ይሄንን ነው። ቁረጪው።

ሐር ክር ከሆነ ደግሞ የሚጫኑት ቦታ ቶሎ ይሻክራል። ክሩን ከመቃኛው በኩል ትንሽ ሳብ አድርገሽ ያልተነካውን ክፍል ወደ ጣትሽ ማምጣት ይቻላል። ቀጭኑ ክር ቶሎ ስለሚበጠስ ለልምምድ ናይለን ወይም ቴትሮን የሚባል ሰው ሠራሽ ክር የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። አያሳፍርም።

በነገራችን ላይ ሚያኮቡሺ የሚባለውን የጃፓን ስኬል ሞክረሽዋል? ከዶ ብትጀምሪ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። አምባሰላችንን ቁጭ አድርጎታል። እኔን ሻሚሰን ያስያዘኝ እሱ ነው። ወፍራሙን ክር ዶ ላይ ቃኝተሽ አምባሰል ስትጫወቺ ሳዋሪው ከሥር ሲመልስልሽ ትሰሚያለሽ። ጃፓኖቹ የድምፁን ከፍታ በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ዶ ዮንሆን ይባላል፣ አራተኛው ማለት ነው። አስተማሪሽ ቁጥር ሲጠሩ ግራ እንዳይገባሽ።


ከዮትሱጊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ያላችሁትን በየተራ አየሁት።

ሦስተኛውን ክር መትቼ ስይዘው ወፍራሙ ክር አጉረመረመ! ደግሜ ደጋግሜ አደረግሁት። ጓደኛዬንም ጠርቼ አሰማሁት፣ እሱም ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየ። ወረቀቱ ቀርቷል።

መጋጠሚያዎቹ እኩል ናቸው፣ ጥፍሬ አልያዘም። ማስመሪያው ሥር ግን ልክ በዚያ ቦታ ላይ ብርሃን አለፈ። ወደ ታች ትንሽ ሸሽቼ ስጫን ይጠራል። ከአሁኑ 2 ሪን የሚበልጥ ኮማ ገዝቼ አስገባሁ፤ በቀስታ ስመታ ችግሩ የለም፣ በኃይል ስመታ ግን አሁንም ይሰማል። የክሩ ትርፍ ጫፍ ቆዳውን ነክቶ ነበር፣ ቆርጬዋለሁ። ቆዳውን ዙሪያውን ስመታው ደግሞ ከታች በኩል አንድ ጥግ ላይ ድምፁ ተለወጠ። እዚህ አሁን ትሱዩ ገብቷል፣ እስከ ጁላይ አጋማሽ ገደማ ዝናብና እርጥበት ነው። እስኪያልፍ ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልውሰደው?

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ጋሼ። በገና ላይ አሥሩም አውታር እንዚራ አለው። እዚህ ግን አንዱ ክር ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ላይ ትንሽ ቆዳ ባስገባስ?


ባለእንዚራ፦

አትጠብቂ፣ ልጄ። አንገቱ ሊቆይ ይችላል፤ የተነሳው ጥግ ግን በዚህ ወር እርጥበት እየሰፋ ነው የሚሄደው። እስክትወስጂው ክሮቹን አላልተሽ፣ ኮማውን አውጥተሽ፣ በወረቀት ከረጢቱ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ጨምረሽ አስቀምጪው። ከኤርኮንዲሽነሩ ፊት ለፊት ግን አታድርጊው፤ በአንዴ ሲደርቅም ይቀደዳል።

ስለ ቆዳው ቁራጭ፣ አላደርገውም። በገና አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ከአንድ ድምፅ ጋር፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሁሉም አውታር ረጅም ድምፅ ቢኖረው ጸሎቱን ይሸከመዋል እንጂ አያውከውም። ናጋውታ ግን ፈጣን ነው። ከበሮና ዋሽንት አብረውት አሉ፣ ብዙ ሻሚሰንም በአንድ ላይ ይመታል። ሁለቱ ክሮች ጥርት ብለው ዜማውን ይናገራሉ፣ ወፍራሙ ከሥር ያስተጋባል። ሦስቱም ዝዝ ካሉ ቃሉ አይለይም። ሁሉም ክር የሚዘምርበትን የጃፓን መሣሪያ ከፈለግሽ የሳትሱማ ቢዋን አዳምጪ። ፍሬቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ አናታቸው ሰፋ ተደርጎ ይቀረጽና ክሩ እያንዳንዱ ላይ ይርመሰመሳል። በገና የለመደ ጆሮ እዚያ ቤቱን ያገኛል።

ሠሪ ዘንድ ስትሄጂ የምትይው ይሄን ነው። ለቆዳው ጥጉ ተነስቷል በያቸውና በጣትሽ አሳያቸው፤ ያ ቦታ ብቻ ይመለስ ወይስ ሙሉው ይነሳ የሚለውን አይተው ይንገሩሽ። ቆዳው አርጅቶ ከሆነ ቀይሩት ቢሉሽ አይግረምሽ። የአሁኖቹ ግን ሳያዩ አይደለም የሚሉሽ። ለአንገቱ ካንቤሪ ናዎሺ በያቸው፤ ቦዩ እስኪጠፋ አንገቱን በሙሉ ይልጉታል። ይሄ ሥራ ብዙ ጊዜ አይደጋገምም፤ በተላገ ቁጥር አንገቱ ይሳሳል። የእንጨቱንም ዓይነት ጠይቂ። ኮኪ የሚባለው ከህንድ የሚመጣው ጠንካራ እንጨት ከሆነ ቶሎ አይበላም። ካሪን ከሆነ ፈጥኖ ይበላል፣ ጥፍርሽንም አሳጥሪ።


ከዮትሱጊ፦

ካሪን ነው፤ ስገዛው ነግረውኛል። ነገ እወስደዋለሁ። ይዤ የምሄደው ሌላ ነገር አለ?


ባለእንዚራ፦

ኮማሽን ያዢ፣ አሮጌውንም አዲሱንም። ባቺሽንም ያዢ፤ በኃይል ስትመቺ የሚመጣውን ድምፅ እዚያው መትተሽ አሰሚያቸው።

ደግሞ ከሥራው በፊት ይሄን በያቸው፦ አንገቱ ከተላገ በኋላ ሳዋሪውም እንደገና ይቀረጽ። እንጨቱ ዝቅ ሲል የተራራዋ ቁመት ከክሩ ጋር ያለው ልክ ይለወጣል። ጥሩ ሠሪ ሳትነግሪውም ያደርገዋል። አንቺ ግን ስትረከቢ እዚያው ቁጭ ብለሽ ቃኚው፣ ሦስተኛውን ክር ምቺና ያዢው። ወፍራሙ ካልመለሰ ከሱቁ አትውጪ።